ጫፎቹስ?

ባሌን ተማሪዎቹ «ቲቸር ጫፎቹስ» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት እኔ ወደዚህ ትምህርት ቤት ከመምጣቴ በፊት ነው። እሱም ያውቃል፤ ደስም ይለዋል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሒሳብ ነው የሚያስተምረው። አንድ ተማሪ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ፣ ላቡን እየጠረገ የአንድን ፈንክሽን ትልቁን ዋጋ አገኘሁ ብሎ ጠመኔውን ሊያስቀምጥ ሲል፣ እሱ መስኮቱ ጥግ እንደቆመ «ጫፎቹስ?» ይላል። ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። ልጁም ጭንቅላቱን እያከከ ወደ ሰሌዳው ይመለሳል። እኔ ከግድግዳው ወዲያ ለአሥረኛ ክፍል ሒሳብ ሳስተምር ያቺን ጥያቄና ያንን ሳቅ ስሰማ ኖሬአለሁ። ሰውየው አንድ ቀን እንኳ ለራሱ ጠይቋት አያውቅም። የተቃጠልኩት በዚህ ነው፤ ሆዴ ውስጥ ይዤው መዞር ስለሰለቸኝ ከመጀመሪያው ልናገረው ብዬ ነው።

ነገሩ ለማያውቀው ሰው እንኳ ከባድ አይደለም። ኮረብታ የምትወጡ ከሆነ፣ አናቱ ላይ ስትደርሱ እግራችሁ ለአፍታ አይወጣም፣ አይወርድም። የለውጡ መጠን እዚያ ጋ ዜሮ ሆነ ማለት ነው። ሸለቆው ወለል ላይም እንደዚያው። ስለዚህ ትልቁን ወይም ትንሹን ዋጋ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ለውጡ ዜሮ የሚሆንበትን ቦታ ያስሳል። ነገር ግን መንገዱ መነሻና መድረሻ ካለው ይህ ብቻ አይበቃም። ከተራራ ላይ ተነስቶ ቁልቁል የሄደን ሰው አስቡት፤ ከሁሉም ከፍ ያለበት ቦታ የተነሳበት ነው። እዚያ ጋ ግን ዜሮ የሚባል ነገር የለም፤ ገና ከመነሻው እየወረደ ነው። ዜሮን ብቻ የሚያሳድድ ሰው ያንን ቦታ ሳያየው ያልፋል። ሁለቱን ጫፎች ሄዶ ማየት አለበት። በቃ፣ ይኸው ነው። ባሌ ይህንን ለዘለለ ተማሪ የጥያቄውን ግማሽ ማርክ ብቻ ይሰጣል፤ ቢለምኑት፣ ቢያለቅሱበት ንቅንቅ አይልም።

ዛሬ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ነበርን። ጠባብ ክፍል ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ከፕላስቲክ የተሠራ ማኅፀን ተቀምጧል፣ ክዳኑ አልገጥም ብሎ ገርበብ ብሏል። ሐኪሟ ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች። ውጤቱን አየችና ወንበሯን ወደ እኔ ሳበችው። ያኔ ነው የገባኝ። ደስ የሚል ወሬ ያለው ሰው ወንበር አይስብም።

«እህቴ፣ ሁለቱም ምርመራ የሚለው አንድ ነው» አለችኝ። «የወር አበባሽ የቀረው በሥራ ብዛት አይደለም። እንቁላልሽ አልቋል።»

እንባ እንኳ አልመጣልኝም። ባሌ ግን ጉሮሮውን ጠረገ። ያቺን ጉሮሮ አጠራረግ አውቃታለሁ፤ ጥያቄ ሊጠይቅ ነው።

«ዶክተር፣ መቀነስ የጀመረው መቼ ነው? ማለቴ፣ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ደርሶ ወደ ታች የታጠፈበት ጊዜ…» አለና በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ኮረብታ ሣለላት።

«እንደዚያ አይደለም» አለች። እስክሪብቶዋን አነሳችና ከወረቀቱ የላይኛው ጥግ ጀምራ እስከ ታች ድረስ አንድ መስመር አወረደችው። «ሴት ልጅ ስትወለድ ይዛው የምትወለደው ነው። ከዚያ በኋላ መቀነስ እንጂ መጨመር የለውም። መሀል ላይ የሚታጠፍበት ቦታ የለም።»

«ትንሽ እንኳ አይጨምርም? መሀል ላይ?»

«አይጨምርም፣ ጋሼ።»

መስመሯን አፍጥጦ ያያታል። በሕይወቱ ስንት መስመር አይቷል፤ እንደዚያ ሲያፈጥበት ግን አይቼው አላውቅም። ሐኪሟ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ» አለችኝ።

«ቀደም ብለንማ ስሌት ላይ ነበርን» አልኳት።

ቀልድ መስሏት ፈገግ ልትል ነበር። ፊቴን ስታይ ተወችው።

ደጅ ስንወጣ ሰዓቱን አየ። «አራተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ክፍል አለኝ» አለ። ደሜ ፈላ። ቀጥሎ ደግሞ፣ «ዛሬ የምትከታተይኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው። የሒሳብ አስተማሪዎች በየመንፈቁ አንዳችን የአንዳችንን ክፍል ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብለን እንከታተላለን። ሲያበቃ የተከታተለው ሰው ለአስተማሪው አንድ ጥሩ ነገርና አንድ ጉድለት ይነግረዋል፤ ጥሩውን ብቻ ተናግሮ መሄድ ክልክል ነው። ያኔ ቤቴ ገብቼ በሬን ዘግቼ መተኛት እችል ነበር። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩት። አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ትምህርት ቤት ደረስን።

ወደ ኋላ ልመለስና፣ የተጋባን ሰሞን ልጅ እንውለድ ያልኩት እኔ ነኝ። ገና ወጣት ነበርኩ፣ ጤነኛ ነበርኩ፣ ቤታችን ውስጥም መኝታ ቤታችን አጠገብ አንዲት ትንሽ ክፍል ነበረች። እሱ ራሱ ነው ግድግዳዋን ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ የቀባት፤ ቀለም ጸጉሩ ላይ ደርቆበት ለሳምንት እንደዚያው ሲያስተምር ተማሪዎቹ መሳቂያ አድርገውት ነበር። እንግዲህ ልጅ አልፈለገም እንዳልል ያቺ ክፍል ትመሰክርበታለች። ፈልጓል። ችግሩ የፈለገው «በትክክለኛው ጊዜ» ብቻ መሆኑ ነው።

«እስቲ እናስላው» አለኝና ያረጀ የግድግዳ ካላንደር ገልብጦ ጀርባው ላይ ሁለት መስመር አሰመረ። አግዳሚው ዓመት ነው። ቋሚው ዝግጁነት ነው። ዝግጁነት ውስጥ ያልከተተው ነገር የለም፤ የቤቱ ጣሪያ፣ የእሱ ሁለተኛ ዲግሪ፣ የእኔ የማታ ትምህርት፣ የእናቱ ወገብ ሕመም። ነጥብ ነጥብ አድርጎ ሲያገናኘው መስመሩ ሽቅብ ይሄዳል።

«አየሽ፣ ገና እየወጣን ነው» አለ። «የሚቀጥለው ዓመት ከዘንድሮው ይሻላል። እየወጣ ያለ ሰው መሀል ዳገት ላይ ለምን ይቆማል? ለውጡ ዜሮ ሲሆን፣ አናቱ ላይ ስንደርስ ያኔ እንቆማለን።»

«እኔስ? እኔ እዚህ መስመር ውስጥ የት ነኝ?» አልኩት።

«አንቺማ ውስጡ ነሽ» አለኝና ግንባሬን ሳመኝ።

ሳቅኩ። ምን ላድርግ፣ ወድጄዋለሁ። እንደዚህ የሚያወራ ወንድ ያኔ ያስቀኝ ነበር። ሁሉን ነገር ያሰላል እኮ። አምፖሉ ከጠረጴዛው ምን ያህል ከፍ ቢል ብርሃኑ ይበልጥ እንደሚደምቅ ያሰላል። የካርቶን ሳጥን ሊሠራልኝ አስቦ፣ ከአራቱ ማዕዘን ምን ያህል ቢቆረጥ ሳጥኑ ብዙ እንደሚይዝ ግማሽ ቀን ሲያሰላ ውሎ ቆረጠው። ልኩ ትክክል ነበር፤ ያንን ሳጥን እስከ ዛሬ የክር ማስቀመጫ አድርጌዋለሁ። ሳጥን ላይ እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው እኔ ላይ ይሳሳታል ብዬ በምን ልጠርጥር?

በየዓመቱ ያቺን ካላንደር ያወርዳታል፤ አንድ ነጥብ ይጨምርባታል። በየዓመቱም መልሱ ያው ነው፤ «ገና ነው።» ዲግሪው ሲያልቅ ጣሪያው ቀረ። ጣሪያው ሲያልቅ እናቱ አልጋ ላይ ዋሉ። እሳቸው ሲነሱ የእኔ የማታ ትምህርት ፈተና ደረሰ። እናቱ፣ ማለቴ አማቴ፣ ሌላ ከተማ ነው የሚኖሩት። ስልክ በደወሉ ቁጥር ከጤናችን ቀጥሎ የሚጠይቁት፣ «እህ ልጆቼ፣ ምን አላችሁ?» ብለው ነው፤ ልጅ መጣ ወይ ማለታቸው ነው። እሱ ደግሞ ስልኩን ትከሻው ላይ አጣብቆ የፈተና ወረቀት እያረመ፣ «ገና ነን፣ እማዬ» ይላቸዋል። «ገና ነን» ማለት ለእሱ ሰላም ነን እንደማለት ሆነ።

ዝም ብዬም አልተቀመጥኩም። አርባን ስጠጋ አንድ ማታ አፍ አውጥቼ ተጣላሁት። «የእኔ ሰውነት ካላንደርህን አይጠብቅም» አልኩት። እሱም፣ «እናቴ እኔን የወለደችኝ በስተርጅናዋ ነው» አለኝ። የእናቱን ማኅፀን በማስረጃነት አቀረበልኝ። ከዚያ በኋላ ለስንት ጊዜ አኩርፌ እንደተኛሁ እሱም ያውቃል፤ ቢሆንም ጠዋት ስንነሳ ካላንደሯን እዚያው ተሰቅላ ነው የምናገኛት። ትንሿ ክፍል ውስጥ ደግሞ የፈተና ወረቀት ገባ። ለጊዜው ነው አለ። ቀጥሎ እግሩ የተሰበረ ወንበር ገባ። አረንጓዴው ቀለም እየተላጠ ሄደ።

አምና ነው እንግዲህ ጉዱ የመጣው። ከሥራ ሲገባ ፊቱ በርቷል፤ አበባ ይዟል፤ አበባ ይዞ የመጣው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ካላንደሯን አውርዶ አልጋችን ላይ ዘረጋት። «ዜሮ ሆነ» አለኝ። «የዘንድሮውና የአምናው እኩል ነው። አናቱ ላይ ነን። አሁን ነው።» በደስታ አለቀስኩ። የሰነበተ ቂሜ ሁሉ በአንዴ ብን ብሎ ጠፋ። አብረን ትንሿን ክፍል ጠረግን፣ ወረቀቱን ወደ አንድ ጥግ ከመርን። ከዚያ ጠበቅን፣ ጠበቅን። ከዚያ ሐኪሟ ዘንድ ሄድን።

ወደ ዛሬው ልመለስ። ክፍሉ ገባን፤ እሱ ፊት ቆመ፣ እኔ ኋላ ተቀመጥኩ። ተማሪዎቹ ዞር እያሉ አዩኝ፤ የአስተማሪያቸው ሚስት ባሏን ልትገመግም መምጣቷ አስቋቸዋል። እሱ ሰሌዳው ላይ አንድ ባለ ሦስት ዲግሪ ፈንክሽን ጻፈ። ሥሩም «ከዜሮ እስከ አምስት» ብሎ ወሰነው። ትልቁ ዋጋ ስንት ነው? በር አጠገብ የምትቀመጥ አንዲት ረጅም ልጅ አለች፣ ሰሌዳው ላይ ለመውጣት የማትፈራ። እሷን አስወጣት።

ልጅቷ ዴሪቬቲቩን፣ ያንን የለውጥ መጠን፣ አወጣች፤ ከዜሮ ጋር አስተካከለች። ሁለት ላይና አራት ላይ ዜሮ ይሆናል። ሁለትን ብታስገባ ዜሮ መጣላት፤ ይህ ሸለቆው ነው። አራትን ብታስገባ አራት መጣላት፤ ይህ ትንሿ ኮረብታ ነች። ያቺን ኮረብታ አወቅኋት። አምና አበባ ይዘን የወጣንባት ነች።

«ትልቁ ዋጋ አራት ነው» አለች ልጅቷ፤ ጠመኔውንም አስቀመጠች።

እዚህ ጋ ነው እሱ የሚናገረው። ክፍሉ በሙሉ አፉን አሹሎ ይጠብቃል። እሱ መስኮቱ ጥግ ቆሞ ወደ ውጭ ያያል። ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ይጠይቃት ይሆን ወይስ አይጠይቃት ብዬ እጠብቃለሁ። አልጠየቃትም። በመጨረሻ ከመሀል አንዱ በእሱ ድምፅ አስመስሎ «ጫፎቹስ?» አለ፤ ክፍሉም ተቀብሎ በአንድ አፍ፣ እየሳቀ፣ «ጫፎቹስ፣ ቲቸር?» አለው።

ልጅቷም ስቃ ጠመኔውን አነሳች። አምስትን አስገባች፤ ዜሮ። ዜሮን አስገባች፤ ሃያ።

«ሃያ» አለች፤ ከአራቷ ጎን ጻፈችው። «ትልቁ ሃያ ነው። መነሻው ላይ።» ከዚያ ግን ቅር አላትና ወደ እሱ ዞረች። «ቲቸር፣ እዚህ ጋ ግን ዴሪቬቲቩ ዜሮ አይደለም። ኔጌቲቭ ነው፣ በጣም ቁልቁለት ነው። እንዴት ትልቁ ይሆናል?»

እሱ ከመስኮቱ ዞረ። ስለ ሒሳብ ሲጠየቅ መልስ ከመስጠት የሚያግደው ነገር የለም፤ ቤት ቢቃጠል እንኳ መልሶ ነው የሚወጣው።

«ከእሱ በፊት መንገድ ስለሌለ ነው» አለ። «ትልቁ እጃችን ላይ ነበር። ገና ስንነሳ። ከዚያ በኋላ የተሄደው ሁሉ… መሀል ላይ ትንሽ ከፍ ይላል፣ አዎ፤ ያቺ ግን አታታልላችሁ። ሰው ዜሮ ዜሮ እያለ ወደፊት ሲያማትር፣ እኛ ስናማትር…»

እዚያ ላይ ቆመ። ዓይኑ በተማሪዎቹ አናት ላይ አልፎ እኔ ጋ ደረሰ። ፊቱ ሲከፋ፣ ሲናደድ፣ ሲታመም አውቀዋለሁ፤ እንደዚያ ሲፈርስ ግን አይቼው አላውቅም። የፊተኛው ዴስክ ላይ፣ አንዲት ተማሪ ደብተር አጠገብ፣ ቁጭ አለ። ሳቁ ጠፋ። ረጅሟ ልጅ ግራ ገብቷት ወደ እኔ ተመለከተች።

«ቲቸር፣ ምን ሆነው ነው?»

ተነስቼ እጁን መያዝ እችል ነበር። ውሃ ስጡት፣ አሞት ነው፣ ውጡ ማለት እችል ነበር።

«ምንም አልሆኑም» አልኳት። «ሥራሽን ጨርሺ። ሃያዋን ክበቢያት።»

ጨካኝ ነኝ? ልሁን። ልጅቷ ከበበቻት። ደወሉ ተደወለ።

ተማሪዎቹ ሲወጡ እሱ እዚያው ዴስክ ላይ ነበር። ሄጄ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። መሬት መሬቱን እያየ፣ «እንዴት አላየሁትም?» አለኝ።

«ጫፉን ለዘለለ ተማሪ ለምን ግማሽ ማርክ ትሰጠዋለህ?» አልኩት። «ለምን ዜሮ አትሰጠውም?»

«ስሌቱ ትክክል ስለሆነ» አለ። ከአፉ ሲወጣ ራሱ ደነገጠ።

«እንግዲያው ጥሩውን ልንገርህ፤ ስሌትህ ትክክል ነበር። አናቱ ብለህ ያሳየኸኝ ቦታ እውነትም አናት ነበር። ጉድለቱን ደግሞ እቤት ስትገባ ትንሿን ክፍል ከፍተህ እያት።»

እጁን ዘረጋልኝ። አልያዝኩትም። ደግሞም ጥዬው አልሄድኩም፤ ቆሜ ነበር፤ ለምን እንደቆምኩ እኔም አላውቅም። ምናልባት አንድ ቃል ጠብቄ ይሆናል። ይቅርታ አይደለም፤ ይቅርታውን ምን አደርገዋለሁ? ብቻ ለአንድ ጊዜ እንኳ የሆነውን እንደሆነው በአፉ እንዲናገረው ፈልጌ ነበር። ያኔ ስልኩ ጮኸ። አማቴ ናቸው። ዛሬ ሐኪም ዘንድ እንደምንሄድ ያውቃሉ፤ ከማለዳ ጀምሮ ስልኩን ታቅፈው እንደተቀመጡ አልጠራጠርም። ባዶ ክፍል ስለሆነ ድምፃቸው ለእኔም ይሰማል።

«እህ ልጄ፣ ምን አሏችሁ? ምን አላችሁ?»

እሱ ሰሌዳውን አየ፤ የተከበበችውን ሃያ አየ፤ እኔን አየ። አፉን ከፈተ። እኔም ጠበቅኩት።

«ገና ነን፣ እማዬ» አለ።

ስልኩን ከእጁ ወሰድኩት።

«እማማ፣ እኔ ነኝ» አልኳቸው። «አልፏል።»